«ብርድ ነው» ላሉኝ ሁሉ

ይህን የምጽፈው ጠዋት ሲነቁ ጣታቸው አልዘረጋ ለሚላቸው ሰዎች ነው። በእኔ ላይ ለተፈራረቁት መካሪዎች አይደለም። የእነሱን ምክር እስኪያንገፈግፈኝ ጠግቤዋለሁ፤ የአንዳንዱ ጠባሳ እስከ ዛሬ ገላዬ ላይ አለ።

የተወለድኩት መንዝ ነው። የማስተምረውም እዚያው፣ ከሞላሌ ወጣ ብሎ፣ የጓሳ ነፋስ ምንም ሳይጋርደው በሚደርስበት አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ነው። ውርጭ የገብስ ቡቃያ ሲያከስል፣ በእንስራ ያደረ ውኃ ሲጋገር እያየሁ አድጌያለሁ። ሰው ሁሉ «ብርድ ነው፣ ይለቅሻል» ሲለኝ የሚያበግነኝ ለዚህ ነው። ብርድን አውቀዋለሁ። ብርድ ያንቀጠቅጣል፣ እሳት ዳር ሲጠጉ ደግሞ ይለቃል። የእኔ ሕመም ግን እሳትም አልሰማ አለ።

የጀመረኝ በታኅሣሥ ነው። አንድ ጠዋት ስነቃ የሁለቱም እጆቼ ጣቶች እንደተጨበጡ ቀሩ። ክብሪት ልጭር ብል እንጨቱን መያዝ አቃተኝ። የሹራቤን ቁልፍ የቆለፈልኝ ባለቤቴ ጌጡ ነው። እሱም መምህር ነው፤ የምንሠራው አንድ ትምህርት ቤት ነው።

«እጅሽን ከባና ብርድ ልብሱ ውጪ አድርገሽ ተኝተሽ ነው» አለና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ረፋድ ላይ ፀሐይዋ ስትበረታ ጣቶቼ ቀስ እያሉ ተፍታቱ፤ ከሰዓት በኋላ ምንም ያልነበረብኝ ሰው መሰልኩ። በማግሥቱም እንደዚያው። ጥር ሳይጋመስ የጣቶቼ አንጓዎች አብጠው ቀሉ፤ ከዚያ ሕመሙ ወደ እጄ አንጓ፣ ከዚያም ወደ እግሬ ጣቶች ሥር ወረደ። ጠመኔውን በሁለት እጄ አቅፌ ስጽፍ ተማሪዎቼ መጀመሪያ ሳቁ፣ በኋላ ዝም አሉ። ዝምታቸው ከሳቃቸው ባሰብኝ።

የምንኖረው ከጌጡ እናት ከእማማ ጥሩነሽ ጋር ነበር። በትክክል ለመናገር እሳቸው ቤት ነው የምንኖረው፤ ይህንንም ሳያስታውሱን ውለው አያውቁም። የእሳቸው ጣቶች ከድሮ ጀምሮ ወደ ትንሿ ጣት በኩል ተጋድመው፣ ነፋስ እንዳጎበጠው ቁጥቋጦ ሆነው ቀርተዋል። ብርጭቆ የሚያነሡት በሁለት መዳፋቸው መካከል አጣብቀው ነው። ጌጡን ሳገባ እጃቸው እንዲያ ስለነበር እንደ መልካቸው ቆጥሬው ነበር። ምን ሆነው እንደሆነ ጠይቄያቸው አላውቅም።

አንድ ጠዋት እንጨት መስበር አቅቶኝ ሳቃስት ሰሙኝ።

«እኔ ይኼን ብርድ የቀመስኩት ከአንቺ ባነሰ ዕድሜ ነው» አሉኝ። «በዚሁ እጄ ልጆች አሳደግሁ፣ ኩበት ጠፈጠፍኩ። ማን አመመኝ ስል ሰማኝ?»

«ማንም አልሰማም እማማ።»

«እንግዲያው አንቺም አታሰሚን።»

ልጃችን ማርታ ያኔ ገና ፊደል መቁጠሯ ነበር። ፀጉሯን መጎንጎን አቃተኝ፤ አያቷም አይችሉም። ሁለት ሴት ባለበት ቤት ልጅቷ ለሹሩባ ጎረቤት ትሄድ ጀመር። ጎረቤታችን ልጄን እያበጠረች «እናትሽ ዛሬም ተኝታለች?» ትላት እንደነበር የነገረችኝ ራሷ ማርታ ናት።

ከዚያ መካሪው መጣ። አንዷ ፌጦ በነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጣ እጄ ላይ አሰረችልኝ፤ ቆዳዬ ተላጠ። አንዱ ዋግምት አሠሪ አለኝ፤ ትከሻዬን በምላጭ በጥተው በቀንድ ደሜን ሳቡት። ጠባሳ ያልኩት ይኼን ነው። ወጌሻው ደግሞ የእጄን አንጓ ይዞ «ወልቋል» ብሎ ጎተተው። አልወለቀም ነበር። ከዚያን ቀን በኋላ ግን ለብዙ ጊዜ ድስት ማንሳት አልቻልኩም። ሁሉም ሲጨርሱ የሚሉት አንድ ነው፦ «ብርዱ እንደገና ገብቶብሽ ነው እንጂ ወጥቶልሽ ነበር።» ጥፋቱ ሁልጊዜ የእኔ ነው። ውኃ ነክቼ ነው፣ ነፋስ መትቶኝ ነው፣ ሳልጠነቀቅ ቀርቼ ነው።

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። በዚያን ጊዜ በእኛ አካባቢ ደም የሰጠ ሰው ሁሉ ታይፎይድ ወይም ታይፈስ ይዞ ይመለሳል፤ እኔ ሁለቱንም ይዤ ተመለስኩ። ኪኒኑን ጨረስኩ፣ ጣቶቼ ግን እንዳበጡ ናቸው። ሁለተኛ ስሄድ ሌላ ባለሙያ አገኘሁ፤ ከወንበሩ ሳይነሣ እጄን ከሩቅ አየና «ሪህ ነው፣ ሥጋ ተዪ» አለኝ።

«ሥጋ በዓመት ስንት ቀን የምበላ ይመስልሃል?» አልኩት። ዐቢይ ጾም ላይ ነበርን።

«ቢሆንም ተዪ» ብሎ ቀጣዩን ተራ ጠራ።

የተውኩት ነገር ቢኖር እሱ ዘንድ መሄድን ነው። ግን ከዚያ የባሰ ቦታ ገባሁ። በአንዱ የገበያ ከተማ መድኃኒት የሚሸጥ ሰው የሚወጋት አንዲት መርፌ በአንድ ቀን ታስነሣለች ሲሉ ሰማሁ። ሄጄ ተወጋሁ። ምን እንደሆነች ስጠይቀው «የብርድ መርፌ ናት» አለኝ። በእውነትም በማግሥቱ ጠዋት ጣቶቼ ተዘረጉ። ለማንም ብዬ የማላውቀውን ምርቃት መረቅሁት። ሲያገረሽብኝ ተመልሼ ሄድኩ፣ ደግሞ ሄድኩ። ፊቴ እንደ ጨረቃ ክብ ሆነ። ያየኝ ሁሉ «ተስማማሽ፣ ወፈርሽ» ይለኛል። ሆዴ ሲያቃጥለኝ ያድራል፣ ቆዳዬ በትንሽ ነገር ይበልዛል፤ እነሱ ግን ያማረብኝ መስሏቸዋል።

ትምህርት ቤት ውስጥ የነበረብኝ ጉድ ደግሞ ሌላ ነው። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ከጠዋቱ ፈረቃ ወደ ከሰዓቱ እንዲያዛውሩኝ። ረፋድ ካለፈ እጄ ይሠራል። ርዕሰ መምህሩ አቶ ሙላት ተናጋሪው ሳይጨርስ አያቋርጡም የሚባሉ ሰው ነበሩ፤ እኔን ግን ገና ስጀምር አቋረጡኝ።

«ብርድ ለአንቺ ብቻ ነው እንዴ የሚነፍሰው? ሁላችንም መንዝ ነን» አሉኝ።

ዘመኑ የግምገማ ዘመን ነበር። ሠራተኛ ሁሉ ተሰብስቦ አንዱ የሌላውን ጉድለት በፊቱ ይናገራል፤ ዝም ያለም ዝም በማለቱ ይገመገማል። የእኔ ተራ ሲደርስ ያበጡት እጆቼ ጠረጴዛው ላይ ነበሩ። ሆን ብዬ ነው ያስቀመጥኳቸው። ማንም ወደዚያ አላየም።

«የመንግሥት ሰዓት አታከብርም» አለ አንዱ።

«ጠዋት ታማ የቀረችውን ከሰዓት ገበያ ላይ አገኛታለሁ» አለች ሌላዋ። ከእኔ ጋር አንድ ሌማት ላይ የምትበላ ባልደረባዬ ናት።

«ይኼ የኪራይ ሰብሳቢነት አመለካከት ነው» ብለው አቶ ሙላት ጻፉ። ከዚያ ወደ ባለቤቴ ዞሩ። «መምህር ጌጡ፣ ሚስቴ ናት ብሎ ዝም ማለት አድርባይነት ነው። ቤት ውስጥ እንዴት ናት?»

ጌጡ እጁን እያፍተለተለ ተነሣ። «ታማለች» አለ። «ጠዋት ጠዋት ነው የሚብሳት። ወደ ማታ ደኅና ናት።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የሥራ ሰዓት ላይ የሚነሣ፣ ከሥራ መውጫ ላይ የሚለቅ በሽታ። አቶ ሙላት ራሳቸው እንባቸውን ጠረጉ። እኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ።

ወደ ቤት ስንሄድ ከኋላዬ እየተከተለ «ውሸት ተናገርኩ?» አለኝ።

«አልተናገርክም።»

«ታዲያ ምን አጠፋሁ?»

እውነትን ለማን እንደሚናገሩ ማወቅም እንዳለ ለአንድ ትልቅ ሰው እንዴት ይነገረዋል? ከዚያን ቀን ጀምሮ ከ«እራት ቀርቧል» በላይ ቃል ሳንለዋወጥ ከረምን።

ክረምቱ ሲገባ መርፌውን ተውኩት፤ ሆዴ አልቻለውም ነበር። ያኔ በሽታው ብድሩን ለመመለስ የመጣ ይመስል ጉልበቴንም ያዘው። ጉሙ ከበር ሳይርቅ በሚውልበት በሐምሌ፣ ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ እርጥብ በሆነበት ጊዜ፣ ከአልጋ መውረድ አቃተኝ። ደጅ የሚያወጣኝ ጌጡ ነበር፤ ተሸክሞ። የማላናግረው ሰው ጀርባ ላይ መታዘል ምን እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። ማታ ማታ የሚያስፈራኝ ሕመሙ አልነበረም። የእማማ ጥሩነሽን እጅ እያየሁ የራሴን መጪ ጊዜ ማየቴ ነበር።

ጌጡ ደብረ ብርሃን ሊያሳክመኝ ወሰነ። ለዚያ ደግሞ በግ መሸጥ ነበረበት፤ በጎቹም የእናቱ ናቸው። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲደርቅ ግን እማማ ጥሩነሽ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ስንቅ ቋጥረው፣ ደጃፉ ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

«እኔ ነኝ የምወስዳት» አሉት ልጃቸውን። «በጎቼ የት እንደሚገቡ በዓይኔ ልይ።»

በበቅሎ ሞላሌ ደረስን፤ ከዚያ ከመሐል ሜዳ በሚመጣው አውቶብስ ተሳፈርን። መንገዱን ሙሉ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያናገሩኝ፤ «እግርሽን ወዲያ አድርጊ» ለማለት።

ሆስፒታሉ ደጅ ሰው ገና ከንጋቱ ተሰልፏል። መተላለፊያው ውስጥ ያለው የሲሚንቶ አግዳሚ እንደ በረዶ ነው፤ ተቀምጬበት ስነሣ ጉልበቴ አልዘረጋ አለ። ከመርሐቤቴ ቆላ የመጣች ልጅ ያዘለች ሴት፣ ከግድግዳው ጥግ ፀሐይ የሚያርፍባትን ቦታ ይዛ ነበር። ስታየኝ ተነሣች።

«እኔ ለብርዱ እንግዳ ነኝ፣ አንቺ ግን ይብስብሻል» አለችና አስቀመጠችኝ፤ ጋቢዋንም ጉልበቴ ላይ ጣለችው። ስሟን እንኳ አላወቅሁም። በዚያ ዓመት ሳትመክረኝ የረዳችኝ ሰው እሷ ብቻ ናት።

እማማ ጥሩነሽ ከዘበኛው ጋር በተራ ጉዳይ ተጣልተው፣ አሸንፈው፣ በመጨረሻ ገባን። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ደክሞታል። እጄን ያዘና የአንጓዎቼን መደዳ ቀስ ብሎ ጨመቅ አደረገው። ጮህኩ።

«የሚብስሽ መቼ ነው?» አለኝ። «ጠዋት ነው ማታ?»

ስብሰባ ሙሉ ሰው ያሳቀብኝን ነገር ይኼ ሰው ቁም ነገር ብሎ እየጠየቀኝ ነው።

«ጠዋት» አልኩ። «ጠዋት ታስሬ እነሣለሁ። ረፋድ ላይ ነው የምፈታው።»

«በሁለቱም እጅሽ እኩል?»

«እኩል።»

ራሱን ነቀነቀና ጻፈ። ከዚያ ቀና ሲል ዓይኑ እማማ ጥሩነሽ ላይ ዐረፈ። እጃቸውን ነጠላቸው ሥር ሸሸጉ።

«እናቴ፣ እጅዎን ያሳዩኝ እስቲ።»

«የእኔ ብርድ ነው፣ የቆየ ነው። እሷን እይ።»

«ግድ የለም፣ ያሳዩኝ።»

እያመነቱ አወጡት። በሁለት እጁ ተቀብሎ ጣት በጣት አየው። በዚያ ቤት በኖርኩበት ጊዜ ሁሉ ያንን እጅ እንዲያ አድርጎ የያዘ ሰው አላየሁም።

«ብርድ አጥንት አያጣምምም እናቴ» አለ። «ይኼ የእሷው በሽታ ነው። ሰውነታችን ተሐዋሲ ሲገባበት የሚዋጋበት ኃይል አለው። በዚህ በሽታ ያ ኃይል ይሳሳትና የገዛ መገጣጠሚያችንን ይወጋል። ቅዝቃዜ ሕመሙን ያብሰዋል እንጂ አያመጣውም።» ስሙን ሩማቶይድ አርትራይተስ ነው አለን።

እማማ ጥሩነሽ የእኔን እጅና የራሳቸውን እያፈራረቁ አዩ።

«መድኃኒት አለው?»

«ጨርሶ አያጠፋውም፤ ግን ያስቆመዋል። ቶሎ ከተጀመረ እጅ አይጣመምም።»

«የእኔስ?»

«ሕመሙን እናስታግስልዎታለን። የተጣመመው ግን አይመለስም።»

እጃቸውን ቀስ ብለው ከእጁ አወጡና ነጠላቸውን አስተካከሉ። ፊታቸው ላይ ያየሁት ሐዘን አልነበረም። ቁጣ ነበር፤ ግን የሚያርፍበት ሰው ያጣ ቁጣ። «ብርድ ነው» ያሏቸው ሁሉ ሞተው አልቀዋል።

«እሷን አክማት» አሉ።

የታዘዘልኝ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚዋጥ ኪኒን ነው። ሐኪሙ ደጋግሞ ያስጠነቀቀኝን እኔም ልድገመው፦ በየቀኑ የሚውጠው ሰው ሊሞት ይችላል። በየጊዜው ደም እየተመረመሩ ነው የሚወስዱት፤ እርጉዝ የሆነች ወይም ልትፀንስ ያሰበች ሴት አትነካውም፤ አረቄም አብሮት አይሄድም። ስለዚያች «የብርድ መርፌ» ስነግረው ተበሳጨ። እብጠትን ቶሎ የምታጠፋ፣ ሐኪም ሳያውቅ ስትደጋገም ግን አጥንት የምታሳሳና ሆድ የምታቆስል ናት አለኝ።

ኪኒኑ እንደ መርፌው አልነበረም። ሳምንታት አልፈው ምንም ለውጥ አላየሁም፤ የዋጥኩ ዕለት ያቅለሸልሸኛል። እማማ ጥሩነሽ «በጎቼ ይኼን ነው የበሉት?» ብለው ሁለት ጊዜ ጠየቁኝ። ከዚያ ገና ሊደርስ ሲል አንድ ጠዋት ክብሪት ጫርኩ። አስቤበት አልነበረም። እሳቱ ከተያያዘ በኋላ ነው እጄን ያየሁት። ለጥምቀት የማርታን ፀጉር ራሴ ጎነጎንኩት፤ ተንሻፎ ነበር፣ እሷ ግን ለማንም አላስነካ ብላ ሰነበተች።

የሐኪሙን ወረቀት ለአቶ ሙላት ወሰድኩላቸው። «እንዲህ ዓይነት ወረቀት በየመንገዱ ይሸጣል» ብለው መለሱልኝ። ይህን እቤት ሳወራ እማማ ጥሩነሽ ሰሙ። በማግሥቱ የት እንደሄዱ ሳይነግሩን ወጡ። በኋላ ከትምህርት ቤቱ ጥበቃ እንደሰማሁት ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገብተው፣ ሁለቱን እጆቻቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው፣ «ይኼንን ከየትኛው መንገድ ነው የገዛሁት?» አሏቸው። አቶ ሙላት ወደ መስኮቱ ዞረው «ለወረዳው ያመልክቱ» ብለው ሸኟቸው። አመለከቱ። ወረዳው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ተቀምጠው በተከታታይ ዋሉ፤ ያለፈ ያገደመውን ሁሉ እጃቸውን እያሳዩ። የትምህርት ኃላፊው መገላገል ፈልጎ ይመስለኛል፣ የከሰዓት ፈረቃ ተፈቀደልኝ።

ላመሰግናቸው ጎንበስ ስል ገፉኝ። «ለአንቺ ብዬ መሰለሽ? ልጄን በስብሰባ መሳቂያ ስላደረጉት ነው።»

እንግዲህ ለታማሚዎች የማውቀውን ልንገራችሁ። አየሩ ሲቀዘቅዝ ሕመሙ ይብሳል፤ ስለዚህ ጠዋት ከአልጋ ሳልወርድ፣ ባናው ውስጥ እንዳለሁ፣ ጣቶቼን እያጠፍኩ እዘረጋለሁ። እጅን እሳት ላይ መለብለብ ቆዳ ከማቃጠል በቀር አይጠቅምም፤ ለብ ያለ ውኃ ይሻላል። ካልሲዬ ሲረጥብ ሳልውል ሳላድር እለውጠዋለሁ። ከበግ ፀጉር የተሠራ ጓንት አለኝ፤ ክፍል ውስጥም አላወልቀውም፤ የሚስቅ ይሳቅ። ጠመኔውን በጨርቅ ጠቅልዬ አወፍረዋለሁ፣ ያኔ ለመጨበጥ አያስቸግርም። ያበጠና የሚያተኩስ አንጓን አሳርፉት፤ ሌላውን ግን ብርድ ነው ብላችሁ አጣጥፋችሁ አትቀመጡ። ዳንኩ ብላችሁም መድኃኒቱን አትተዉ። እኔ አልዳንኩም። ሐምሌ በመጣ ቁጥር አሁንም ያመኛል። ግን እጄ ቀጥ ያለ ነው።

ጌጡን ይቅር አላልኩትም። እሱ ግን ዛሬም ሳይነገረው ከሁላችን ቀድሞ ተነሥቶ ውኃ ያሞቅና ትምህርት ቤት ይሄዳል። ውኃውን እጠቀምበታለሁ። እማማ ጥሩነሽም ይጠቀሙበታል፤ ሕመሙን የሚያስታግሰውን ኪኒን እየወሰዱ ነው፣ ብርጭቆ ግን ያው በመዳፋቸው ነው የሚያነሡት። ሳፋው አንድ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ፊት ለፊት ተቀምጠን አራቱንም እጅ እዚያው እንነክራለን። ዛሬ ጠዋት ውኃው ሲቀዘቅዝ ማንቆርቆሪያውን አነሣሁ።

«ልታቃጥዪኝ ነው?» አሉኝ።

«አዎ» አልኳቸው።

ዐይን ዐይኔን አዩኝ። እጃቸውን ግን ከሳፋው አላወጡም።